ጥልቀት የሌለው ዩራኒየም ፍለጋ፦ የወሎ የሥራ ማስታወሻ

ጥር፣ መነሻ

ደሴ ላይ ቢሮ ብለን የያዝነው አንድ ክፍል ነው። ውስጡ ካርታ፣ ላፕቶፕና የናሙና መደርደሪያ አለ። ኩባንያው ትንሽ ነው። ሁለት ጂኦሎጂስት፣ አንድ ቴክኒሻንና አንድ ሹፌር ነን። ማስታወሻውን የምጽፈው እንዲህ ዓይነት ሥራ መጀመር ለሚያስቡ ልጆች ነው። የውጭ አገሮቹን ዓመቶች በፈረንጆች አቆጣጠር አስቀምጣለሁ።

ጥልቀት የሌለውን የመረጥነው ለገንዘብ ብለን ነው። ጥልቅ ቁፋሮ በሜትር ይከፈልበታል፤ የእኛ ዓይነቱ ኩባንያ አንድ ወቅት እንኳ አይችለውም። ከመሬት ወለል ጥቂት ሜትር ላይ ያለ ነገር ግን በዶማ፣ በእጅ ኦገር (መሬት በሚበሳ ጠመዝማዛ መሰርሰሪያ)፣ ሲብስ በኤክስካቫተር ይፈተናል። ትልቁ ምሳሌ ናሚቢያ ያለው ላንገር ሃይንሪክ ነው። ማዕድኑ ያለው በድሮ የወንዝ መውረጃ ውስጥ፣ በኖራ በተጣበቀ ጠጠር ላይ ነው። ካልክሬት ይባላል። ዩራኒየሙ ካርኖታይት በሚባል ቢጫ ማዕድን ውስጥ ከቫናዲየምና ከፖታሲየም ጋር ተያይዟል። በ1972 ምዕራብ አውስትራሊያ የተገኘው ዪሊሪም ያው ዓይነት ነው።

ዋጋውን ማወቅ ግድ ነው፤ ብዙ ትንንሽ ኩባንያዎችን የገደለው እሱ ነው። በ2007 አንድ ፓውንድ የዩራኒየም ኦክሳይድ ወደ 136 ዶላር ደርሶ ነበር። ከ2011ዱ የፉኩሺማ አደጋ በኋላ ወረደ፣ ወረደ፣ በ2016 መጨረሻ ከ20 ዶላር በታች ሆነ። በ2024 መጀመሪያ ደግሞ ከ100 አለፈ። ላንገር ሃይንሪክ ራሱ በ2018 ሥራ አቁሞ እንደገና ማምረት የጀመረው በ2024 ነው። ስለዚህ ዛሬ ባለው ዋጋ ብቻ አናሰላም። ዋጋው በግማሽ ቢወርድም የሚቆም ነገር ካልሆነ አንነካውም ተባብለናል።

ጥር መጨረሻ፣ ካርታ ላይ

ወሎን በካርታ ላየው ሰው ዩራኒየም አይታየውም። አብዛኛው ደጋ የ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ባዛልት ነው። ባዛልት ደግሞ ለዩራኒየም ድሃ ነው፤ ብዙ ጊዜ አንድ ፒፒኤም፣ ማለትም በቶን አንድ ግራም እንኳ አይሞላም። የምድር ቅርፊት አማካይ ወደ 2.7 ነው።

ግን በባዛልቱ መካከል ራዮላይትና ኢግኒምብራይት የሚባሉ ሌሎች የእሳተ ገሞራ ድንጋዮች አሉ፤ ኢግኒምብራይት ተጣብቆ የጠነከረ አመድ ነው። ደላንታ፣ ወገል ጤና ላይ በፈረንጆች ከ2008 ጀምሮ የወጣው ኦፓል የሚገኘው በዚህ ዓይነቱ የእሳተ ገሞራ አመድ ንብርብር ውስጥ ነው። ውሃ አመዱን ሲበላው ሲሊካ ይሟሟል፤ ሲሊካው ሌላ ቦታ ሄዶ ኦፓል ይሆናል። ያው ውሃ በአመዱ ውስጥ የተበተነውን ዩራኒየምም ይዞ ይወርዳል። ኦክስጅን ባለበት ውሃ ዩራኒየም በቀላሉ ይሟሟል። ኦክስጅን የሌለበት፣ የበሰበሰ ዕፅ ያለበት ቦታ ሲደርስ ግን ይጥለዋል። በውጫሌ በኩል በንብርብሮቹ መካከል የድንጋይ ከሰል እንዳለ የታወቀ ነው። እንግዲህ ሐሳባችን ይኼ ነው፤ ከላይ አመድ፣ ከሥር ሊግናይት (ለጋ የድንጋይ ከሰል)፣ በመካከላቸው ውሃ።

ሁለተኛው ሐሳብ በምሥራቅ ቆላው ላይ ነው፤ ወደ ባቲ በሚወርደው ደረቅ አገር። እሱን ለኋላ ትተነዋል። ቦታዎቹን በስም አልጽፍም፤ ፈቃዱ ገና በሥራ ላይ ነው፤ የገበሬውንም ማሳ ደላላ እንዲረግጠው አልፈልግም።

የካቲት፣ ወረቀትና ሰው

ዐዋጅ ቁጥር 678/2002 ማዕድን የመንግሥትና የሕዝብ ሀብት ነው ይላል። የምርመራ ፈቃድ መጀመሪያ እስከ 3 ዓመት ይሰጣል፤ ከዚያ ይታደሳል። ዩራኒየም ሲሆን በላዩ ላይ ስለ ጨረራ መከላከል የወጣው ዐዋጅ ቁጥር 1025/2009 አለ። ሁለቱንም መስመር አብሮ መጀመር ይሻላል፤ አንዱ እስኪያልቅ ሌላውን ማቆየት ወቅቱን ይበላል። ፋይላችን አንድ ቢሮ ውስጥ ጠፍቶ ሁሉንም እንደገና አስገባን። አሁን ማኅተም ያረፈበትን ወረቀት በሙሉ እዚያው በስልኬ ፎቶ አነሳዋለሁ።

ከወረቀቱ የሚበልጠው ሥራ ቀበሌ ላይ ነበር። ሰው ተሰበሰበ፣ ቡና ተፈላ። አንድ ሸህ ቀጥታ ጠየቁኝ።

«ልጄ፣ ይኼ ቦንብ የሚሠራበት ነው ይባላል። እውነት ነው?»

እንዳለ ነገርኳቸው። ከመሬት ከሚወጣው ዩራኒየም ውስጥ ለኃይል ማመንጫ የሚፈለገው ዓይነት 0.7 በመቶ ብቻ ነው። ለአብዛኛው ማመንጫ እንኳ በትልቅ ፋብሪካ ከ3 እስከ 5 በመቶ ከፍ መደረግ አለበት። ድንጋዩ አይፈነዳም። መጠንቀቅ ያለብን ከአቧራውና ራዶን ከሚባለው ጋዝ ነው። ስለዚህ ጭንብል እናደርጋለን፣ ናሙና የሚያድርበት ቤት ውስጥ ሰው አያድርም፣ ሁላችንም የጨረራ መለኪያ ባጅ አንገታችን ላይ እናንጠለጥላለን። ለሠራተኛ የተቀመጠው ጣሪያ በዓመት በአማካይ 20 ሚሊሲቨርት ነው፤ ለሌላው ሕዝብ 1።

ከኋላ የተቀመጡ እናት ደግሞ፣ «እናንተ ትሄዳላችሁ፤ ውሃው ግን የኛ ነው» አሉ። ትክክል ናቸው። ያን ዕለት የሥራውን ቅደም ተከተል ቀየርነው። አንድ አካፋ አፈር ሳይነሳ የሁሉም ምንጭ ውሃ ተቀድቶ ለላብ ተላከ። ይኼ ለእነሱም ለእኛም ይጠቅማል። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውሃ ያስቀመጠው የዩራኒየም መጠን በሊትር 30 ማይክሮግራም ነው። ለእኛ ደግሞ ዩራኒየም የሚሟሟበት ተፋሰስ የቱ እንደሆነ ከሁሉ በርካሽ የሚነግረን ውሃው ነው።

የካቲት መጨረሻ፣ ማሽኑ

ጋማ ስፔክትሮሜትር ተከራየን፤ ከመሬት የሚወጣውን የጋማ ጨረር በየጉልበቱ ለይቶ የሚቆጥር ማሽን ነው። ውስጡ የሶዲየም አዮዳይድ ክሪስታል አለው። ያከራየን ድርጅት የሰጠን የካሊብሬሽን ወረቀት ጊዜው ያለፈበት ሆኖ አገኘነው። ስለዚህ ራሳችን ፈተሽነው። ፖታሲየም ክሎራይድ ገዝተን በፌስታል አድርገን ክሪስታሉ ሥር አስቀመጥን። የፖታሲየም 40 መስመር 1.46 ሜጋ ኤሌክትሮን ቮልት (የጨረር ጉልበት መለኪያ) ላይ መቆም አለበት። ጠዋት በደጋው ብርድ ከቦታው ተንሸራትቶ ነበር፤ ቀትር ላይ በሌላው በኩል ተንሸራተተ። ክሪስታሉ ሙቀት ሲቀየርበት እንዲህ ያደርጋል። መፍትሔው ማሽኑን ቀድሞ አብርቶ ማቆየት፣ በብርድ ልብስ መጠቅለልና በየመሐሉ በፖታሲየሙ ማስተካከል ነው። ሥራውን ያዘገየዋል፤ ያለዚያ ግን የሚመዘገበው ቁጥር ዋጋ የለውም።

አንድ ነገር እዚህ ላይ ላስረግጥ፤ የዚህ ሥራ ቁልፍ ይኼ ነው። ማሽኑ ዩራኒየምን አያይም። የሚያየው 1.76 ላይ የሚተኩሰውን ቢስሙዝ 214ን ነው። ዩራኒየም ጨረር እየተፋ ቀስ በቀስ ወደ ሌሎች ንጥረ ነገሮች ይለወጣል፤ እነሱን ልጆቹ እንላቸዋለን። ቢስሙዝ የሩቅ ልጁ ነው። በመካከል ግማሽ ዕድሜው (ግማሹ እስኪለወጥ የሚፈጀው ጊዜ) 1,600 ዓመት የሆነ ራዲየምና ግማሽ ዕድሜው 3.8 ቀን የሆነ ራዶን አሉ። ቤተሰቡ ሳይበተን አንድ ቦታ ለረጅም ዘመን ከቆየ የልጁ ቁጥር የአባቱን ይነግራል። ውሃ ዩራኒየሙን ጠርጎት ራዲየሙ ከቀረ ማሽኑ ይጮሃል፣ ዩራኒየም ግን የለም። ዩራኒየሙ በቅርብ ዘመን የመጣ ከሆነ ደግሞ ልጆቹ ገና አልተወለዱምና ማሽኑ ዝም ይላል። ጥልቀት የሌለው ክምችት ሁልጊዜ ውሃ የሚነካው ነው። ስለዚህ ለመቆፈር ቀላል የሆነው ለመለካት ከባድ ነው።

መጋቢት፣ በልግ

መስመር ዘርግተን በየ25 ሜትሩ እያቆምን ለካን። ባዛልቱ ላይ ቁጥሩ ዝቅ ያለ ነው። ራዮላይቱ ላይ ከፍ ይላል፤ ግን ፖታሲየሙም ቶሪየሙም አብረው ነው የሚወጡት። ቶሪየም ለዩራኒየም ያለው ጥምርታ ከ3 እስከ 4 ከሆነ ድንጋዩ ተራ ነው። ጠቅላላ ቁጥር ብቻ የሚያሳይ ርካሽ ሲንቲሎሜትር ይዞ ራዮላይት ላይ የወጣ ሰው ሀብታም የሆነ ይመስለዋል።

አንድ ከሰዓት በልጉ ድንገት ወረደ። ዛፍ ሥር ተጠልለን ሲያባራ ቀጠልን። የዩራኒየሙ መስኮት (ማሽኑ በ1.76 አካባቢ የሚቆጥረው) ዘለለ፤ ያውም ባዛልት ላይ። ልጆቹ ተደሰቱ። ቴክኒሻናችን ግን አልተነቃነቀም። ማሽኑን ባዛልቱ ላይ አስቀምጦ፣ ጃኬቱን አልብሶት፣ በየ20 ደቂቃው ማንበብ ጀመረ። ቁጥሩ ወረደ፣ አሁንም ወረደ፣ ሦስት ሰዓት ገደማ ሲሞላ ወደ ቦታው ተመለሰ። ዝናብ አየር ላይ ያሉትን የራዶን ልጆች አጥቦ መሬት ላይ ያራግፋቸዋል። እርሳስ 214 ግማሽ ዕድሜው 27 ደቂቃ ነው፣ ቢስሙዝ 214 ደግሞ 20። ስለዚህ ቶሎ ያልቃሉ። የዚያን ከሰዓት መስመር በሙሉ ሰረዝነው። ከዚያ በኋላም እርጥቡ አፈር ጋማውን ስለሚያፍነው ቁጥሩ ከእውነተኛው ዝቅ ይላል። ከዝናብ በኋላ ቢያንስ ሦስት ሰዓት፣ ቢቻል አፈሩ ጠፈፍ እስኪል እንጠብቃለን። ወሎ ደጋ ላይ የካቲትና መጋቢትን ለዚህ ሥራ መያዝ ብዙ ቀን ያስበላል፤ ኅዳርና ታኅሣሥ ይሻላሉ።

ከሁሉም መስመር አንድ ቦታ ብቻ ጥምርታው ከ1 በታች ወረደ። የገደል ጥግ ነው፤ ከላይ ነጣ ያለ አመድ፣ ከሥር ግራጫ ሸክላ። ጋማ የሚያሳየው የላይኛውን ከ30 እስከ 40 ሳንቲሜትር ብቻ ስለሆነ ቀጣዩ ነገር ቁፋሮ ነው።

ሚያዝያ፣ ጉድጓድ

ጉድጓዱ በወርድ አንድ ሜትር፣ በርዝመት ሜትር ተኩል ነው። ሸክላው ዝናብ ከጠጣ ግድግዳው ይናዳል። ደላንታ ላይ ኦፓል ሲያወጡ ገደል የተደረመሰባቸውን ልጆች ታሪክ ወሎ ውስጥ ያልሰማ የለም። ስለዚህ ከሜትር ተኩል በታች ለመውረድ የባሕር ዛፍ አጣና ደግፈን ነው። አንድ ሰው ሁልጊዜ ከላይ ቆሞ ይጠብቃል። ይኼ በጀት ሲጠብ የሚቀነስ ነገር አይደለም።

የግድግዳው ንብርብር እንዲህ ነው። ከላይ ጥቁር አፈር። ቀጥሎ ጣት ሲነካው የሚፈረፈር ነጭ አመድ። ከሥሩ ዝገት የመሰለ ቀይ ቡናማ መስመር። ከዚያ ግራጫ ሸክላ። መጨረሻ ላይ ከ10 ሳንቲሜትር የማይበልጥ ሊግናይት፤ እርጥብ ሳለ ጥቁር ነው፣ ፀሐይ ሲመታው እንደ ደረቀ እንጀራ ይሰባበራል። የቅጠል ቅርጽ አሁንም ይታይበታል። ናሙና የወሰድነው ከላይ እስከ ታች በየ20 ሳንቲሜትሩ ነው፤ ቀዩና ጥቁሩ መስመር ግን ለየብቻ። በአንድ ጆንያ ከተደባለቁ ሥራው ሁሉ ከንቱ ነው።

ሊግናይቱ ስንጥቅ ውስጥ ደማቅ ቢጫ ዱቄት ነበር። ሁሉም ካርኖታይት ብሎ ተጯጯኸ። አልትራቫዮሌት ባትሪ አበራንበት፤ ምንም የለም። ይኼ ብቻውን መልስ አይሆንም፤ ካርኖታይትም አያበራም። በእጅ የሚያዘው ኤክስአርኤፍ፣ በኤክስሬይ ንጥረ ነገሮችን የሚለየው ማሽን፣ ሲመጣ ቁርጡ ታወቀ። ብረት፣ ድኝና ፖታሲየም። ጃሮሳይት ነው። ሊግናይት ውስጥ ያለው ፒራይት (የብረትና የድኝ ማዕድን) አየር ሲያገኘው የሚተወው ቢጫ። ቢጫ ባየ ቁጥር ናሙና የሚልክ ሰው ገንዘቡን ይጨርሳል።

ኤክስአርኤፍም የራሱ ወጥመድ አለው። የዩራኒየም መስመር 13.6፣ የሩቢዲየም 13.4 ኪሎ ኤሌክትሮን ቮልት አካባቢ ናቸው፤ ይደራረባሉ። ራዮላይት ሩቢዲየም ይወዳል። ስለዚህ ራዮላይት ላይ ማሽኑ የሌለ ዩራኒየም ሊያሳይ ይችላል። ሩቢዲየሙ ከፍ ባለ ቁጥር የዩራኒየሙን ቁጥር ደብተር ላይ በቀይ እናከብበዋለን፤ ላብ ሳያረጋግጠው አናምነውም።

ያረፍንበት ቤት ጥግ ላይ የኤንፒኤስ ማዳበሪያ ከረጢት ነበር። በሁለቱም ማሽን ለካነው። ፎስፌት ድንጋይ በዓለም ሁሉ በተፈጥሮው ዩራኒየም አለበት። ማዳበሪያው ሲመረት ዩራኒየሙ ከአሲዱ ጋር ይሄዳል፤ ራዲየሙ አብዛኛው በፋብሪካው ጂፕሰም ውስጥ ይቀራል። እና እንደተባለው ሆነ፤ ኤክስአርኤፉ ዩራኒየም አሳየ፣ ጋማው ዝም አለ። አባቱ አለ፣ ልጆቹ ፋብሪካ ቀርተዋል። ለቴክኒሻናችን ስንት ገጽ ማኑዋል ያላስረዳውን ያ ከረጢት አስረዳ። ባለቤቱ እንዳይደነግጡ ይኼ የማዳበሪያው የተለመደ ጠባይ እንደሆነ ነገርናቸው። «አብሽሩ፣ እኔ የምፈራው ዋጋውን ነው» አሉን።

ሂሳብ፣ እስካሁን

ትልቁን የበላው መኪና ነው። ላንድክሩዘር ከነሹፌሩ ስንከራይ በቀን 7,000 ብር፣ ናፍጣ ሳይጨምር። የራሳችን ሹፌር ቢኖርም የራሳችን መኪና የለንም። መንገድ ሲዘጋም ኪራዩ አይቆምም፤ ከባለመኪናው ጋር ውል ሲጻፍ ይኼ ቀድሞ መግባት አለበት። የቀን ሠራተኛ 500 ብር። ለተረገጠው ገብስ ካሳ የከፈልነው ሽማግሌ በተቀመጠበት ነው። ቁፋሮው ራሱ ርካሽ ነው። ውዱ ላብ ነው፤ ውጭ ሲላክ በናሙና ከ40 ዶላር በላይ፣ ማጓጓዣው ለብቻ፣ በዚያ ላይ የውጭ ምንዛሪ ወረፋ። ስለዚህ በኤክስአርኤፍና በጋማ ካጣራን በኋላ ሁለቱ ማሽኖች ያልተስማሙባቸውን ቅድሚያ ሰጥተን ላክን። የተስማሙበት ቦታ ብዙ አያስተምርም።

ግንቦት፣ የላብ ውጤት

መጣ። ዝገት የመሰለው ቀይ መስመር በጋማ ሲሰላ 70 ፒፒኤም ገደማ ነበር፤ በኬሚካል 12 ሆነ። ዩራኒየሙን ውሃ ወስዶታል፣ ራዲየሙን ብረቱ ይዞ አስቀርቷል። ሊግናይቱ በተቃራኒው ነው፤ በጋማ 25፣ በኬሚካል 41። ከላይ የታጠበው ታች ተይዟል፤ በጂኦሎጂ አነጋገር በቅርብ ጊዜ። ሐሳባችን እንደ ሐሳብ ሠርቷል። ያን ቀን ይኼን ሳይ በጣም ደስ አለኝ፤ ውሃው የሄደበትን መንገድ በአንድ ጉድጓድ ግድግዳ ላይ ማንበብ ቀላል ነገር አይደለም።

ማዕድን ግን አይሆንም። ሂሳቡ ይኸውና። ሊግናይቱ 200 በ300 ሜትር ላይ ሳይቋረጥ ቢዘረጋ፣ በ10 ሳንቲሜትር ውፍረት 6,000 ሜትር ኩብ ነው። በ1.4 ጥግግት 8,400 ቶን። በቶን 40 ግራም ሲሆን 336 ኪሎ ዩራኒየም። አንድ የ1,000 ሜጋዋት ማመንጫ በዓመት 200 ቶን ገደማ የተፈጥሮ ዩራኒየም ይፈልጋል። ናሚቢያ ውስጥ ሮሲንግ በ300 ፒፒኤም ገደማ የሚሠራው መጠኑ እጅግ ግዙፍ ስለሆነ ነው፤ ላንገር ሃይንሪክ 500 አካባቢ ነው። እኛ 336 ኪሎ ለማግኘት የሰው ገብስ ማሳ ሁለት ሜትር እንግፈፍ? አንገፍም። ተጨማሪ ጉድጓድ ይቆፈር የሚል ሐሳብ ከባለድርሻ መጥቶ ነበር። ቁጥሩን አሳየን፣ ተዘጋ።

የውሃውም መጣ። አብዛኛው ምንጭ በሊትር ከ1 ማይክሮግራም በታች ነው፤ ከገደሉ በታች ያለው 4። ከ30 በጣም ይርቃል። ውጤቱን በአማርኛ አትመን ቀበሌው ግድግዳ ላይ ለጠፍን፤ የውሃውን ነገር ላነሱት እናት ደግሞ ቤታቸው ድረስ ሄደን አነበብንላቸው። የየትኛው ምንጭ ቁጥር የትኛው እንደሆነ አንድ በአንድ አስደገሙን።

ሰኔ፣ መዝጋትና ቀጣዩ

ክረምቱ ሳይገባ ጉድጓዶቹ ተደፈኑ። ሊግናይቱና ሸክላው መጀመሪያ፣ አመዱ ቀጥሎ፣ ለብቻ ያቆየነው ጥቁር አፈር መጨረሻ ላይ። በየደረጃው ውሃ ተረጭቶ ተደበደበ፤ ያለዚያ በክረምት ይሰምጥና የበሬ እግር ይሰብራል። ከሞላ በኋላ ላዩን በጋማ ለክተን የመጀመሪያው ቁጥር ላይ መመለሱን አረጋገጥን። የቀረው ናሙና በክዳን በርሜል፣ አየር በሚገባው ውጪ ባለ መጋዘን ነው። የደጋውን ክፍል ለመመለስ ማመልከቻ አስገብተናል።

የሚቀረው የምሥራቁ ቆላ ነው። ባዛልት ለዩራኒየም ድሃ ቢሆንም ለቫናዲየም ሀብታም ነው፤ ብዙ ጊዜ ከ250 ፒፒኤም በላይ ይዞ ይገኛል። ካርኖታይት ደግሞ ቫናዲየም ይፈልጋል። ከራዮላይቱ ዩራኒየም፣ ከባዛልቱ ቫናዲየም የያዘ ውሃ ደረቅ አገር ወርዶ ሲተን ምን ይተዋል? ለመጠየቅ የሚያበቃ ነገር ነው። በቅድሚያ የጉድጓድ ውሃ እንለካለን፤ ዩራኒየምና ቫናዲየም አብረው ካልታዩ ኦገሩ ከመኪና አይወርድም። ካልክሬት ካገኘን ጋማውን ከላይ ከመለካት ይልቅ ጠባብ መለኪያ ወደ ኦገሩ ቀዳዳ ውስጥ እናወርዳለን፤ ከእያንዳንዱ ቀዳዳ ቢያንስ አንድ ናሙና ለኬሚካል ይሄዳል።

ሥራው ጥቅምት ላይ ይቀጥላል። የኦገሩ ማራዘሚያ ዘንጎች ኮምቦልቻ ብየዳ ቤት ታዘዋል። የሚሸጠው የመቁረጫ ጫፍ ኖራ ላይ ስለሚዶለዱም ከአሮጌ የመኪና ባሌስትራ ሁለት ጫፍ አስቆርጠናል። አንዱን ብየዳ ቤቱ ግቢ ውስጥ አሮጌ የሲሚንቶ ወለል ላይ ሞከርነው፤ ይበላል።